ከዘፋኙ በስተኋላ የቆሙት

በባሕር ዳር፥ ከጣና ዳር ካሉት ቡና ቤቶች በአንዱ ተቀምጦ የአለማየሁ እሸቴን የቆዩ ዘፈኖች የሚሰማ ወጣት፥ ዘፈኖቹ ወደ ስልኩ የገቡት በፓሪስ በኩል ዞረው መሆኑን አያስበው ይሆናል። ነገሩ ግን እንዲሁ ነው። ፍራንሲስ ፋልሴቶ የተባሉ ፈረንሳዊ ከ1997 ጀምሮ (እዚህ የምጠቅሰው ዘመን ሁሉ በፈረንጅ አቆጣጠር ነው) የሀገራችንን የቆዩ ሸክላዎች እየሰበሰቡ «ኢትዮጲክስ» በሚል ስም በተከታታይ አሳትመዋል። ዘጠነኛው ቅጽ የአለማየሁ ብቻ ነው፤ እኔም ሰሞኑን ደጋግሜ የሰማሁት እርሱኑ ነው።

ፈረንጆቹ አለማየሁን አንዴ «የኢትዮጵያ ኤልቪስ»፥ አንዴ «የኢትዮጵያ ጄምስ ብራውን» ይሏቸዋል። ለመጥሪያ ያህል ክፉ አይደለም። ነገር ግን ጩኸቱና የጠጉሩ አበጣጠር ከአሜሪካ ቢመጣ፥ ቅኝቱ ከኛው ነው። ማሲንቆ ሲገዘገዝ እየሰማ ላደገ የባሕር ዳር ሰው ይህን ማስረዳት አያስፈልግም። ጊታሩ ይሻክራል፤ ሳክስፎኑ ይቸኩላል፤ ተጫዋቾቹ በአንድ ክፍል አብረው ቆመው እንደ ተጫወቱ ያስታውቃል። እኔ ከዛሬው ለስላሳ ቅጂ ይልቅ ይህን ሻካራውን እመርጣለሁ።

ሙዚቃው በቀላሉ የተገኘ አይደለም። በዚያን ዘመን ሸክላ የማሳተምና ከውጭ የማስመጣት መብት ለሀገር ፍቅር ማኅበር ብቻ የተሰጠ ነበር። አቶ አምኃ እሸቴ ግን ገና በወጣትነታቸው፥ ቅጣት ቢመጣም ይምጣ ብለው፥ በ1969 የአለማየሁን ዘፈን በሸክላ አወጡ። (በአባት ስም ቢገጥሙም ወንድማማቾች አይደሉም።) እስከ 1975 ድረስ ከመቶ በላይ ትንንሽ ሸክላዎችን፥ በአንዱ ገጽ አንድ፥ በሌላው ገጽ አንድ ዘፈን እያደረጉ አሳተሙ፤ ከዚያ በኋላ ዘመኑ ተለወጠና ወደ አሜሪካ ተሰደዱ። አቶ አምኃም አርቲስት አለማየሁም በአንድ ዓመት፥ በ2021 አርፈዋል።

እኔን የሚያሳስበኝ ግን የአጃቢዎቹ ነገር ነው። አቶ ፋልሴቶ ከሲዲው ጋር ባሳተሙት ትንሽ መጽሐፍ ስለ ባንዶቹ ብዙ ጽፈዋል፤ የተጻፈው ግን በእንግሊዝኛና በፈረንሳይኛ ነው። ያውም ቢሆን ዘፈኑ ወደ ስልክ ሲገባ መጽሐፉ አብሮት አይገባም፤ የሚተርፈው የዘፋኙ ስም ብቻ ነው።

አቶ ግርማ በየነን እንውሰድ። ከአለማየሁ ዘፈኖች ብዙዎቹን ያቀናበሩት እርሳቸው ናቸው። በ1981 ከዋልያስ ባንድ ጋር ወደ አሜሪካ ሄደው በዚያው ቀሩ፤ ለረጅም ዘመንም ከሙዚቃው ርቀው ኖሩ። በ2017 አካሌ ውቤ ከተባለው የፈረንሳይ ባንድ ጋር አዲስ አልበም ሲያወጡ፥ ዘፈኖቹን በቃል የሚያውቅ ስንቱ ሰው ነው «ግርማ ማናቸው?» ብሎ የጠየቀ! የአቀናባሪው ዕጣ ይህ ከሆነ፥ ከበሮ የመታውና ጡሩምባ የነፋውማ ምን ይባላል?

ሕዝቡ የሚፈልገው ዘፋኙን ነው የሚል ይኖራል። እውነት ነው፤ ሆኖም ሬዲዮ ጣቢያዎቻችን ዘፈኑን ሲያሰሙ የባንዱንና የአቀናባሪውን ስም ለመጨመር የሚፈጅባቸው ጊዜ ከአንድ ማስታወቂያ ያነሰ ነው።

ባሕር ዳርም የራሷን ድርሻ ልትሠራ ትችላለች። የጢስ ዓባይ መብራት የመጣው፥ የጨርቃ ጨርቅ ፋብሪካውና የፖሊቴክኒክ ተቋሙም የተከፈቱት በዚያው በ1960ዎቹ ዓመታት ነው። በዚያን ጊዜ ደመወዝ ተቀብሎ ሸክላ የገዛ ሠራተኛ፥ ከአዲስ አበባ ሲመለስ በሻንጣው ይዞ የመጣ ተማሪ አይጠፋም። ሸክላው ዛሬ በሣጥን ውስጥ አቧራ ለብሶ ይሆናል። እንዳይጣል! በመካከሉ በተለጠፈው ክብ ወረቀት ላይ የባንዱ ስም ተጽፎ እንደ ሆነ ተመልከቱ። ተጫዋቾቹን በዓይናቸው ያዩና በስም የሚያስታውሱ ሽማግሌዎችም ዛሬ አሉ፤ ልጆቻቸው ጠይቀው ይጻፉላቸው። የሙሉዓለም የባህል ማዕከል ወይም ዩኒቨርሲቲው አንድ መዝገብ ቢከፍት ደግሞ የተገኘው ሁሉ በአንድ ቦታ ይሰበሰባል። እስከዚያው ድረስ፥ ከነዚህ ዘፈኖች በአንዱ እንኳ ሳክስፎኑን ማን እንደ ነፋው በእርግጥ የሚያውቅ አንባቢ ቢኖር ለዚህ ገጽ ይጻፍልን።