የደብረ ብርሃን ሥላሴ ግድግዳ

አንባቢ ሆይ፤ ለሥራም ሆነ ለዕረፍት ወደ ጎንደር የሄዱ እንደ ሆነ፣ የፋሲልን ግንብ ብቻ አይተው እንዳይመለሱ አደራ እላለሁ። ከከተማው በስተ ሰሜን ምሥራቅ፣ ዛፍ በከበበው ከፍታ ላይ ደብረ ብርሃን ሥላሴ ይጠብቅዎታል።

ይህን ደብር የተከሉት ከ1674 እስከ 1698 ዓ.ም. የነገሡት አዲያም ሰገድ ኢያሱ ናቸው። የፊተኛው ሕንፃ ክብ እንደ ነበረና በመብረቅ እንደ ጠፋ ይነገራል። ዛሬ የምናየው አራት ማዕዘን ሲሆን ጣሪያው ሣር ነው። በዙሪያው ያለው የድንጋይ ቅጥር 12 ክብ ግንቦች አሉት፤ የ12ቱ ሐዋርያት ምሳሌ ናቸው ይባላል።

ጫማዎን አውልቀው ሲገቡ ወደ ምሥራቅ ይመልከቱ። በመቅደሱ በር በላይ ስቅለቱ፣ ከርሱም በላይ ሥላሴ ተሥለዋል። ቀና ቢሉ ደግሞ ክንፍ ያላቸው የመላእክት ፊቶች በረድፍ ተደርድረው ቍልቍል ያዩዎታል። በፈረስ የተቀመጡ ሰማዕታት አሉ፤ በእሳት የተከበበ ዲያብሎስም አለ። ማንበብ ላልተማረው ምእመን ግድግዳው መጽሐፉ ነበር። ከበሮው፣ ጸናጽሉና መቋሚያውም ለጌጥ የተቀመጡ አይደሉም፤ ጥር 7 እና ሐምሌ 7 ቀን ሥላሴ ሲነግሥ ማሕሌት ይቆምባቸዋል።

በጥር 1880 ዓ.ም. ደርቡሾች ጎንደርን ሲያቃጥሉ ብዙ አብያተ ክርስቲያናት ጠፉ፤ ይህ ግን ተረፈ። ምክንያቱስ ምንድን ነው ቢሉ፣ የአገሩ ሰው «ንብ ተነሥቶ ጠላትን አባረረው» ይልዎታል።

እኔም ይህን ሁሉ ለተማሪዎቼ ከነዓመተ ምሕረቱ አስተምሬ፣ አንድ ጊዜ ይዣቸው ሄድሁ። ሁሉም አንጋጠው መላእክቱን ይቈጥሩ ጀመር፤ የሁለት ተማሪ ቍጥር ግን አልገጠመም። በዚህ ሲከራከሩ ሳለ ከመካከላቸው ጐበዙ ልጅ ወደ ግድግዳው ተጠግቶ የአንዱን ሰማዕት ፈረስ በጣቱ ዳሰሰ። በስተ ኋላችን የቆሙ ሽማግሌ ካህን አልተቈጡም። ብቻ፣ «ልጄ፣ እጅህን ሰብስብ፤ ጨርቅ እኮ ነው» አሉት።

በውነቱ አፈርሁ። ሥዕሎቹ በጨርቅ ላይ ተሥለው በግድግዳው ላይ የተለጠፉ መሆናቸውን ሳልነግራቸው ነበር የወሰድኋቸው። የንጉሡን ዘመን በቃላቸው ያውቁታል፤ የጣት ወዝ፣ የጧፍ ጢስና ከጣሪያ የሚወርድ የዝናብ ጠብታ ጨርቅን ምን እንደሚያደርግ ግን ከኔ አልሰሙም። ደብሩ በ1972 ዓ.ም. ከፋሲል ግቢ ጋር በዓለም ቅርስነት ተመዝግቧል፤ መዝገብ ግን ጣት አይከለክልም።

ስለዚህ አንባቢዬ፣ ሲሄዱ እጅዎን ወደ ኋላዎ አጣምረው ይመልከቱ። ታናሽ ወንድምዎን ወይም የሥራ ባልደረባዎን ይዘው ከሆነም፣ ከደጁ ላይ ሳሉ ይንገሩት። ከመውጣትዎ በፊት ለሣሩና ለጥበቃው የሚሆን ጥቂት ገንዘብ ለደብሩ ቢሰጡ ደግሞ መልካም ነው። ደርቡሽን ንብ መለሰው ይባላል፤ የኛን እጅ የምንመልሰው ግን እኛው ነን።