ደረጃው ላይ ያልተነገረው

«ዘ ኤግዞርሲስት» እ.ኤ.አ. በ1973 መጨረሻ አሜሪካ ውስጥ ለእይታ ሲበቃ፣ ልብ ወለዱን የደረሰው፣ የፊልሙን ጽሑፍ ያዘጋጀውና ፕሮዲዩሰሩም የነበረው ዊልያም ፒተር ብላቲ አንድ ቅሬታ በሆዱ ቀርቶበት ነበር። አረጋዊው አባ ሜሪንና ወጣቱ አባ ካራስ ክፉ መንፈስን ከአንዲት ልጅ ለማስወጣት ከሚያደርጉት ትግል መሀል ትንፋሽ ሲወስዱ ደረጃ ላይ ተቀምጠው የሚነጋገሩበትን አጭር ትዕይንት፣ አዘጋጁ ዊልያም ፍሪድኪን ቆርጦ አውጥቶታል። በዚያ ንግግር ሜሪን የታሪኩን ቁልፍ ለካራስ ይሰጠዋል፦ ክፉው መንፈስ የሚያነጣጥረው በልጅቷ፣ በአሥራ ሁለት ዓመቷ ሬገን ላይ ሳይሆን አልጋዋን ከበው በቆሙት ላይ ነው፤ ዓላማውም ሰው ራሱን ተጸይፎ፣ እንዲህ ያለውን ፍጡር ፈጣሪ እንዴት ይወዳል ብሎ ተስፋ እንዲቆርጥ ማድረግ ነው። ብላቲ ይህ ካልተነገረ ፊልሙ ትርጉሙን ያጣል ባይ ነበር። ፍሪድኪን ደግሞ ፊልሙ ያሳየውን በቃል መድገም አያስፈልግም አለ። ክርክሩ ዓመታት ፈጅቶ በ2000 አዘጋጁ ለደራሲው እሺ አለና ትዕይንቱ ተመለሰ። ስለዚህ ዛሬ ፊልሙን መለስ ብሎ ማየት የሚፈልግ ሰው ሁለት ቅጂ ይጠብቀዋል። በእኔ እምነት ብላቲ የታሪኩን ትርጉም በትክክል ያውቅ ነበር፤ ያ ትርጉም በምን መንገድ ወደ ተመልካች ልብ እንደሚገባ የተረዳው ግን ፍሪድኪን ነው።

አለመግባባቱ ከሁለቱ ሰዎች ሙያና እምነት የመነጨ ነው። ከሊባኖስ ከመጡ ስደተኞች የተወለደው ብላቲ በ1949 የጆርጅታውን ዩኒቨርሲቲ ተማሪ ሳለ፣ በአንድ የሜሪላንድ ልጅ ላይ ስለተፈጸመ አጋንንት የማስወጣት ሥርዓት ወሬ በጋዜጣ ወጥቶ ነበር። ወሬው ከአእምሮው አልጠፋም። ለዓመታት የኮሜዲ ፊልሞች ጸሐፊ ሆኖ ከቆየ በኋላ በ1971 ያሳተመው ልብ ወለድ፣ ክፋት ካለ በጎነትም አለ ብሎ የሚመሰክር አማኝ ሥራ ነው። ምስክር ደግሞ ነገሩ በግልጽ እንዲሰማለት ይፈልጋል። ፍሪድኪን በበኩሉ ሥራውን የጀመረው በዘጋቢ ፊልም ነው። «ዘ ፍሬንች ኮኔክሽን» የተባለውንና በአዘጋጅነት ኦስካር ያሸለመውን የወንጀል ፊልም ሳይቀር ካሜራውን ትከሻው ላይ ተሸክሞ ወንጀሉን እንደሚከታተል ዜና ዘጋቢ አድርጎ ነው የሠራው። «ዘ ኤግዞርሲስት»ንም በዚያው ዓይን ቀረጸው። መክፈቻው ሰሜን ኢራቅ ውስጥ፣ ከሞሱል ደቡብ ምዕራብ ባለችው በጥንታዊቷ ሐትራ ነው። አንድ ሽማግሌ፣ አባ ሜሪን፣ በቁፋሮ የወጣ ነገር በእጁ ያገላብጣል፣ እጁ እየተንቀጠቀጠ ኪኒን ይውጣል፣ ከአንድ የድንጋይ ሐውልት ፊት ይቆማል። ንግግር የለም ማለት ይቻላል። ሽማግሌው ምን እንደሚያስፈራው ማንም አይነግረንም፤ መፍራቱን ግን እናያለን።

ከዚያ በኋላ የሚመጣው ረጅም ክፍል የሐኪም ቤት ታሪክ ነው። የሬገን እናት ክሪስ በሃይማኖት የማታምን ተዋናይት ናት፤ ልጇ ስትታመም ወደ ሐኪም ትሄዳለች። ሐኪሞቹ የአንጎል ችግር ነው ብለው ይጀምራሉ፤ በልጅቷ አንገት መርፌ ገብቶ፣ ደም እየወጣ፣ በሚንኳኳና በሚጮህ መሣሪያ ሥር ራጅ ትነሳለች። በዚያ ክፍል ውስጥ ጋኔን የለም፤ ሆኖም ለብዙ ተመልካች ከፊልሙ ሁሉ ለማየት የሚከብደው ይህ ነው። አጋንንት የማስወጣትን ሐሳብ መጀመሪያ የሚያነሱትም ካህናት ሳይሆኑ ሐኪሞቹ ናቸው፤ እነሱም የሚያስቡት በሥነ ልቦናዋ ላይ ለውጥ ያመጣ ይሆናል ብለው ነው። ሐሳቡን የሚቃወመው ራሱ የአእምሮ ሐኪም የሆነው ካህን፣ አባ ካራስ ነው። ልጅቷን ሊፈትን ውኃ ይረጭባታል፤ የተባረከ ውኃ ነው ይላታል፤ እሷም ትንፈራገጣለች። ውኃው ግን ከቧንቧ የተቀዳ ነበር። ጠበል ምን እንደሆነ ለሚያውቅ ለእኛ አገር ተመልካች ይህ ትዕይንት በተለይ የሚናገረው አለው፤ የጠበሉን ጎራ የወከለው ሰው ራሱ ማስረጃ ሲፈልግ እናየዋለንና። ፊልሙ እምነትን በርካሽ አይሸጥም። ተመልካቹ ሌላ መልስ ሁሉ ተሞክሮ እስኪያልቅ ድረስ ይጠብቃል፤ ፍርሃቱም የሚገነባው በዚህ ትዕግሥት ነው።

ሜሪን በደረጃው ላይ ሊናገረው የነበረውስ ነገር? እሱም ቀድሞ ታይቷል። ካራስ በምድር ባቡር ጣቢያ አንድ ለማኝ ሲለምነው፣ ድሮ በመቅደስ ያገለገልኩ ነኝ ሲለው፣ ፊቱን አዙሮ ያልፈዋል። ኒው ዮርክ ብቻዋን የምትኖረው እናቱ ስትታመም ገንዘብ ስለሌለው በሕዝብ ሆስፒታል የአእምሮ ሕሙማን ክፍል ትገባለች፤ ሊጠይቃት ሲሄድ ፊቷን ታዞርበታለች። በኋላም ብቻዋን ትሞታለች። ካራስ በሕልሙ ከባቡር ጣቢያው ደረጃ ስትወጣ ያያታል፤ ትጠራዋለች፣ ድምፅዋ ግን አይሰማም። ከዚያ የሬገን መኝታ ቤት ውስጥ፣ ያ የለማኙ ልመና ከልጅቷ አፍ ይወጣል፤ የእናቱም ድምፅ ይከተላል። ጠላት የሚወረውረው ድንጋይ ከካራስ ከራሱ ጓሮ የተለቀመ ነው። ይህን ያየ ሰው ዒላማው ማን እንደሆነ አስረጂ አያሻውም። ካህኑ በራሱ ጥፋት ሲገረፍ እያየን፣ እኛም ያለፍነውን ለማኝ፣ ሳንጠይቃት የቆየናትን እናት እናስታውሳለን። በ2000ው ቅጂ ሜሪን ምሥጢሩን ሲያብራራ ግን ያ የግል ሕመም ወደ ትምህርት ይለወጣል። ትምህርቱ ውብ ነው፤ ሆኖም ተመልካቹን ከተከሳሽ ወንበር አንሥቶ ከአድማጭ ወንበር ያስቀምጠዋል።

ብላቲ ለዚህ መልስ ነበረው፣ መልሱም ቀላል አይደለም። ብዙ ሰው ከሲኒማ ቤት የወጣው ሰይጣን አሸነፈ ብሎ ነው፤ መልእክቱ እንዲህ ከተገለበጠ ዝምታው ምን ጠቀመ? ነገር ግን መጨረሻውን ልብ እንበል። ካራስ ልጅቷን ትተህ ወደ እኔ ና ይላል፤ መንፈሱ ይገባበታል፤ እጁ ወደ ልጅቷ ሲዘረጋ የራሱ ፊት ለቅጽበት ይመለሳል፣ በመስኮቱም ዘሎ ከቤቱ ውጭ ባሉት 75 የድንጋይ ደረጃዎች ይንከባለላል። ወዳጁ አባ ዳየር ደርሶ ንስሐ ይቀበለው እንደሆነ ሲጠይቀው፣ መናገር ያቃተው ካራስ እጁን ይጨብጠዋል። ያ መጨበጥ መልስ ነው፤ ሰውዬው በፈቃዱ ራሱን ሰጥቶ፣ በእምነቱ ሞቷል። ይህን ያላየ ተመልካች የደረጃውንም ንግግር መስማቱ ያጠራጥራል። ለሳቱት ሲባል ለሁሉም ማብራራት፣ ቅኔ ተዘርፎ ሳያበቃ ወርቁን እንደ መናገር ነው።

ከዚህ የሚከብደው ተቃውሞ የጄምስ ባልድዊን ነው። ጥቁር አሜሪካዊው ደራሲ በ1976 ባሳተመው ስለ ፊልም በተጻፈ መጽሐፉ ይህን ሥራ ነቅፎ፣ እሱ የሚያውቀው ክፋት በየዕለቱ በሚገናኛቸው ሰዎችና በራሱም ውስጥ ያለ እንጂ አልጋ በአየር የሚያንሳፍፍ እንዳልሆነ ተናግሯል። በአንድ ነገር እውነት አለው፤ ሬገንና እናቷ የሚኖሩበት የጆርጅታውኑ የተደላደለ ቤት ከመስኮቱ ውጭ ያለውን የአሜሪካ ግፍ አያይም። ሆኖም የባልድዊን ክፋት ከፊልሙ ፈጽሞ አልጠፋም። ለማኙን አልፎ መሄድ፣ ድሃ እናት በገንዘብ እጦት የምትገባበት የሆስፒታል ክፍል፣ እነዚህ የዕለት ተዕለት ክፋቶች ናቸው፤ ጋኔኑም የሚኖረው በእነሱ ላይ ነው። ይህንን ደግሞ የምናገኘው ፊልሙ ዝም ባለባቸው ቦታዎች ነው።

ፊልሙ ለ10 ኦስካር ታጭቶ ያሸነፈው 2 ነው፦ አንዱ ብላቲ ከልብ ወለዱ ላዘጋጀው ጽሑፍ፣ ሌላው ለድምፅ ሥራው። ሁለቱ ሽልማቶች የክርክሩን ሁለት ወገን የሚያሳዩ ይመስለኛል፤ ቃሉ የደራሲው ነው፣ ቃሉ መቼ ቆሞ ትንፋሽና ጩኸት ብቻ እንደሚሰማ የወሰነው አዘጋጁ ነው። ብላቲ በ2017፣ ፍሪድኪን በ2023 አርፈዋል፤ ሁለቱ ቅጂዎች ግን አሉ። አንባቢ ሆይ፣ ጊዜህ ለአንዱ ብቻ ከበቃ የ1973ቱን ምረጥ። ስታየውም የልጅቷን የዞረ አንገት ሳይሆን አልጋው አጠገብ የቆመውን ካህን ፊት ተመልከት። ሜሪን ሊናገረው የነበረው ሁሉ እዚያ አለ።