መቶ ፐርሰንት እያለ የደከመ ባትሪ



ሰሞኑን ከመግሪብ በኋላ አንድ የገርጂ ወጣት ስልኩን አውጥቶ ፎቶ አሳየኝ። «ኡስታዝ፣ ይኸው፤ ስገዛት መቶ ፐርሰንት ነበር የምትለው» አለኝ። ለታክሲ ሥራ ብሎ ያገለገለች የኤሌክትሪክ መኪና ገዝቶ ነበር። አሁን ቀኑ ሳይጋመስ ቻርጅ ፍለጋ ይዞራል። ሻጩም ደላላውም አልዋሹትም። ዝም ነው ያሉት።

ወንድሞች፣ ያ መቶ የሙላት መጠን እንጂ የጤና መጠን አይደለም። ግማሹ ጠጠር የሆነ ጀሪካንም አፉ ድረስ ውኃ ከያዘ «ሙሉ» ነው። የባትሪ ጤና ማለት አዲስ ሳለ ይይዝ ከነበረው ኃይል ዛሬ ስንት እጁን ይይዛል ማለት ነው። ኒሳን ሊፍ ይህን በ12 ትናንሽ መስመሮች ያሳያል። በብዙዎቹ መኪኖች ግን ከመሪው ሥር ባለው ሶኬት ስካነር ሰክቶ ማንበብ ያስፈልጋል። ስካነሩ የሴሎቹንም ቮልቴጅ ያወጣል፤ አንዱ ሴል ከደከመ ሌሎቹም በእርሱ ልክ ነው የሚሠሩት።

መኪና ያላችሁ ደግሞ በየወሩ ራሳችሁ መዝግቡ። 60 ኪሎዋት ሰዓት የሚይዝ ባትሪ ከ20 ወደ 80 ፐርሰንት ሲሞላ 36 ገደማ መውሰድ አለበት። ፈጣን ቻርጀሩ 30 ብቻ ካሳየ ጤናው በግምት ወደ 83 ወርዷል። (የአዲስ አበባ አየር ለባትሪ ኒዕማ ነው፤ የሚጎዳው ሙቀት ነው።)

በ2016 ዓ.ም የነዳጅ አውቶሞቢል እንዳይገባ ከተከለከለ ወዲህ የገቡት መኪኖች አሁን ሁለተኛና ሦስተኛ እጅ እየሆኑ ነው። ነብዩ (ሰ.ዐ.ወ) በገበያ ሲያልፉ እጃቸውን እህል ክምር ውስጥ ከተው ከሥር እርጥብ ያገኙበትን ታሪክ ሁላችንም ተምረነዋል። ሻጩን ያስወቀሰው ዝናብ የመታው እህል መሸጡ ሳይሆን እርጥቡን ከላይ አለማድረጉ ነው። ባትሪ በሥራ ብዛት መድከሙም ነውር አይደለም። እያወቁ መደበቁ ግን ያው እርጥቡን እህል ከሥር ማድረግ ነው። በንግዱ የሚኖር ሰው «አላውቅም ነበር» ቢለኝም አልቀበለውም፤ ስካነር ማሰካት የደቂቃዎች ሥራ ነው። ገዢም ቀብድ ሳይከፍል ንባቡን ይጠይቅ፣ ውሉ ላይም ያስጽፈው።

ወጣቱ መኪናዋን ሊሸጣት ነው። «ጥግ ድረስ ሞልተህ አሳያቸው» ብለው መክረውታል። እኔ መጀመሪያ ስካነር እንዲያሰካ፣ ወረቀቱንም ከሊብሬው ጋር አብሮ እንዲያሳይ ነገርኩት። «ዋጋዋ ይወድቃላ፣ ኡስታዝ!» አለኝ። አዎ፣ ይወድቃል።