ጢስን መከልከልና ማገዶን መተካት

በእንግሊዝ አገር ጢስ በተከለከለባቸው የከተማ ክልሎች የእንጨት ምድጃ እንዴት እንደሚነድ የሚወስነውን ደንብ እያነሡ፣ «ይህን የመሰለ ሕግ ለአዲስ አበባም ያስፈልጋታል» የሚሉ ጓደኞች አሉን። አሳባቸውን አንንቅም፤ ነገር ግን ሕጉን እስከ ግማሹ አንብበው የተዉት ይመስለናል።

ሕጉ የወጣው ከብዙ ሬሳ በኋላ ነው። በዲሴምበር 1952 (ዘመኑን የምንጠቅሰው እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ነው) የድንጋይ ከሰል ጢስ ከጉም ጋር ተቀላቅሎ ለ5 ቀን በለንደን ላይ ተኛ። የሞተው ሰው በጊዜው 4,000 ያህል ነው ተብሎ ተገመተ፤ በኋላ የተደረገ ጥናት ግን ቁጥሩን እስከ 12,000 አድርሶታል። በ1956 የወጣው የንጹሕ አየር ሕግ፣ ማዘጋጃ ቤቶች ጢስ የሚከለከልበትን ክልል እንዲወስኑ ሥልጣን ሰጣቸው። ጓደኞቻችን የዘለሉት ከዚህ ቀጥሎ ያለውን ነው፤ ምድጃውን ለሚለውጥ ባለቤት ማዘጋጃ ቤቱ ከወጪው ከ10 እጅ 7ቱን እንዲተካለት፣ መንግሥትም ከ10 እጅ 4ቱን ለማዘጋጃ ቤቱ እንዲያግዝ ያው ሕግ አዝዟል።

ዛሬ በእነዚያ ክልሎች እንጨት የሚነደው ተፈትኖ በተፈቀደ ምድጃ ብቻ ነው። በጥቂት በጥቂቱ የሚሸጠው እንጨትም ከ2021 ጀምሮ ርጥበቱ ከመቶ 20 እንዳይበልጥ ተወስኗል፤ እርጥብ እንጨት ሙቀቱን ውሃውን በማትነን ስለሚጨርስ፣ ከመንደዱ ይልቅ መጨሱ ይበልጣልና። ከጢስ ማውጫው ጢስ የወጣበት ባለቤት ከ175 እስከ 300 ፓውንድ ሊቀጣ ይችላል። (ተፈቀደ ማለት ግን ጢስ የለውም ማለት አይደለም፤ ለዓይን የማይታየው ብናኝ ከተፈቀደውም ምድጃ ይወጣል።) እዚያ ዛሬ እንጨት የሚያነደው አብዛኛው ሰው ሌላ ማሞቂያ በቤቱ እያለለት ለደስታው ስለ ሆነ፣ ቅጣቱ ይገባዋል እንላለን፤ እንዲያውም አንሶታል።

የእኛስ? ከእንጦጦ ጎንበስ ብላ የባሕር ዛፍ ቅጠልና ጭራሮ ተሸክማ የምትወርደው እናት የምታነደው ለደስታዋ ነውን? ከዚህም በላይ የእንግሊዙ ሕግ ጢሱን የሚይዘው ከጢስ ማውጫው አፍ ላይ ነው። የድኻው ማድ ቤታችን ግን ጢስ ማውጫ የለውም። እሷን በቅጣት ብናስፈራራት በሩን ዘግታ ትጋግራለች፤ ጢሱም ከጎረቤት ዓይን ተሰውሮ በጀርባዋ ባዘለችው ሕፃን ሳንባ ውስጥ ይቀራል። ደንብ አስከባሪው ሰፈሩ ንጹሕ ነው ብሎ ጽፎ ይመለሳል።

ስለዚህ ከቅጣቱ በፊት የኤሌትሪክ ምጣድ በየወሩ በሚከፈል ዋጋ ይሰጥ፤ ቆጣሪ ለሌለው ቤት ቆጣሪ ይግባለት፤ ሊጡ ከቦካ በኋላም መብራት አይጥፋ። ክልከላው የግድ አሁኑኑ ይጀመር ከተባለ ደግሞ፣ በጀት ካላቸው ይጀመር፤ በማገዶ ከሚጋግሩት ሆቴሎችና ትልልቅ ወጥ ቤቶች፣ የተማሪ ምግብ ቤቶችም ሳይቀሩ።