ሥዕሉ በእንግሊዝኛ፣ ገጹ በአማርኛ

ዲዛይነሩ ሥራውን የላከው በእንግሊዝኛ ነው። አረንጓዴ ቁልፍ፣ መሐሏ ላይ «ሳይን አፕ» የምትል አጭር ጽሑፍ፣ ዙሪያዋን ሰፊ ባዶ ቦታ። ዴቨሎፐሩ አማርኛውን ሲከትበት «አዲስ አካውንት ይክፈቱ» ሆነና ጽሑፉ ተሰብሮ ሁለት መስመር ወጣው። «ዲዛይኔን አበላሸኸው» ይላል አንዱ። «አንተ የሰጠኸኝ ሥዕል ነው፤ እኔ የምሠራው ገጽ ነው» ይላል ሌላው። አዲስ አበባ ውስጥ ድረ ገጽ አሠርቶ ይህን ጭቅጭቅ ያልሰማ ደንበኛ ካለ ዕድለኛ ነው።

ጭቅጭቁ የአዲስ አበባ ብቻ አይደለም። ለዓመታት የሥራው ወግ ርክክብ ነበር፤ ዲዛይነር በፎቶሾፕ የአንድ ስክሪን ስፋት ያለው ምስል ይሠራል፣ ዴቨሎፐር ፒክስል እየቆጠረ ወደ ኮድ ይለውጠዋል። እ.ኤ.አ. በ2007 አይፎን ሲመጣ ያው ገጽ መዳፍ በምታክል ስክሪን ላይም መነበብ ግድ ሆነበት። በ2010 የድረ ገጽ ዲዛይነሩ ኢታን ማርኮት «ሪስፖንሲቭ ዌብ ዲዛይን» ብሎ የሰየመውን ሐሳብ በጽሑፍ አቀረበ፤ ገጹ እንደ ስክሪኑ ስፋት ራሱን ያስተካክል የሚል ነው። በዓመቱ ቦስተን ግሎብ ጋዜጣ ድረ ገጹን በዚሁ መንገድ ሲያድስ ማርኮት፣ የፊላመንት ግሩፕ ዴቨሎፐሮችና የአፕስቴትመንት ዲዛይነሮች ተሰለፉበት። ሦስት ዓምድ የቱ ጋ ወደ አንድ ይታጠፍ የሚለውን አንድ የቆመ ምስል አይመልሰውም፤ ብራውዘሩን እያጠበቡ አብሮ ማየት ይጠይቃል።

ፊግማ የተባለው የዲዛይን መሣሪያ በ2016 ለሕዝብ ሲለቀቅ ዲዛይነሩንና ዴቨሎፐሩን አንድ ፋይል ላይ አስቀመጣቸው። አዶቤ በ20 ቢሊዮን ዶላር ሊገዛው በ2022 ተስማምቶ፣ የአውሮፓና የብሪታንያ ተቆጣጣሪዎች ስላልተመቻቸው በ2023 መጨረሻ ስምምነቱ ቀርቷል። ያን ያህል ዋጋ የተቆረጠለት መሣሪያ ግን ዲዛይነሩ አማርኛ ካልጻፈበት አማርኛ አያሳይም።

ችግሩም እዚህ ላይ ነው። ፊደላችን ትልቅና ትንሽ የለውም፤ ርዕሱ በትልልቅ የላቲን ፊደላት ብቻ ጎልቶ ከነበረ፣ በአማርኛ ከተራው ጽሑፍ ጋር ይቀላቀላል። ደማቅ ቅርጽ ያልተሠራለት ፎንት ሲመረጥ ደግሞ ብራውዘሩ በራሱ ያወፍረዋል፤ «ጬ» እና «ጯ» ቀዳዳቸው ተደፍኖ የቀለም ጠብታ ይመስላሉ። ይህን ዴቨሎፐሩ በመጀመሪያው ቀን ያየዋል። ዲዛይነሩ የሚሰማው ግን ሥራው ካለቀ በኋላ ነው፤ ያውም በቁጣ መልክ።

ዴቨሎፐሩም ንጹሕ አይደለም። ስምና «የቤተሰብ ስም» የሚሉ ሁለት ሳጥኖች ከባሕር ማዶ ከተወረሰ ቅጽ እንዳሉ ገልብጦ፣ የአያቱን ስም የት እንደሚጽፍ የጨነቀውን ተመዝጋቢ «ትክክል አይደለም» በሚል ቀይ ጽሑፍ የሚመልሰው እሱ ነው።

የልደት ቀኑስ? ለዲዛይነሩ ከነሐሴ በታች ጳጉሜንን መጨመር የደቂቃ ሥራ ነው። የብራውዘሩ የቀን መምረጫ ግን ቀኑን የሚያስረክበው በጎርጎርዮስ አቆጣጠር ነው። ስለዚህ ዴቨሎፐሩ የራሱን መምረጫ ይሠራል፣ ቀኑን ያሰላል፣ ጳጉሜን በየአራት ዓመቱ 6 ቀን መሆኗንም ያስገባል። ዲዛይኑ ሳያልቅ ተጠርቶ ቢሆን ይህን በአንድ ሻይ ጊዜ ይናገረው ነበር። አሁን ግን ዋጋው ለደንበኛው ተነግሯል፣ የማስረከቢያው ቀንም ተቆርጧል፤ ከዝርዝሩ የምትሰረዘውም ጳጉሜን ናት።