የደመወዝ ሞጁል በሥራ ላይ ባለ ፕሮግራም ውስጥ ሊተካ አይገባም

ፓይተንን የመሰሉ የስክሪፕት ቋንቋዎች፣ ፕሮግራሙ ሥራ ላይ እያለ አንድን ሞጁል በስሙ ፈልጎ መጫን ያስችላሉ። ይህ ችሎታ ብዙ ጊዜ እንደ በጎ ነገር ብቻ ይቀርባል፤ ሰርቨሩ ሳይቆም አሠራሩ ይታደሳልና። የሚታደሰው ኮድ የሰው ደመወዝ የሚያሰላ ሲሆን ግን ነገሩ ሌላ መልክ ይይዛል።

በቦሌ ለሚ ኢንዱስትሪ ፓርክ እንዳሉት ባሉ የአልባሳት ፋብሪካዎች ውስጥ ለሚገኝ ዝቅተኛ ተከፋይ፣ የ2017 ዓ.ም. የገቢ ግብር ማሻሻያ ቀላል ነገር አይደለም። በአዋጅ ቁጥር 979/2008 ከግብር ነፃ የነበረው ወርኃዊ ገቢ 600 ብር ነበር፤ ማሻሻያው ወደ 2,000 ብር ከፍ አደረገው። በቀድሞው ሠንጠረዥ 2,000 ብር ከሚያገኝ ሠራተኛ 157 ብር ከ50 ሳንቲም ይቀነስ ነበር፤ በአዲሱ ምንም አይቀነስም።

ፓይተን አንድ ጊዜ የጫነውን ሞጁል በማኅደረ ትውስታ ይዞ ይቆያል። በዲስክ ላይ ያለው ፋይል ቢለወጥም፣ በዚያው ሂደት ውስጥ ዳግም የሚሰጥ የኢምፖርት ትእዛዝ የሚመልሰው አሮጌውን ነው። ሪሎድ የተባለው ፈንክሽን ሞጁሉን እንደገና ያስኬደዋል፤ ይሁን እንጂ ሌላ የፕሮግራሙ ክፍል የግብር ማስሊያውን አስቀድሞ ከሞጁሉ ነጥሎ ወስዶት ከሆነ፣ ያ ክፍል አሮጌውን እንደያዘ ይቀራል። የስሕተት መልእክት አይታይም። አንዱ ክፍል በአዲሱ አዋጅ፣ ሌላው በቀድሞው ያሰላል፤ ልዩነቱን መጀመሪያ የምታየው ምናልባት የደመወዝ ወረቀቷን የተቀበለችው ሠራተኛ ትሆናለች።

ሥራ አይቋረጥ የሚለው መከራከሪያ ለስፌት መስመር መቆጣጠሪያ ያስኬድ ይሆናል። ደመወዝ ግን በወር አንድ ጊዜ የሚሰላ ነው፤ ፕሮግራሙን አጥፍቶ ማስነሣት የሚጠይቀው ጥቂት ደቂቃ ብቻ ነው።

ይህ ሲባል በስም መጫን ከነጭራሹ ይቅር ማለት አይደለም። የቀደመ ወር ስሌት በኦዲት ሲመረመር የዚያ ወር ሕግ ያስፈልጋል፤ ስለዚህ የ2008ቱም የ2017ቱም ሞጁል ጎን ለጎን ሊኖሩ፣ በተከፋዩ ወርም ሊመረጡ ይገባል። ምርጫው ግን አስቀድሞ ከታወቀ ዝርዝር እንጂ ከተጠቃሚ ከመጣ ጽሑፍ መሆን የለበትም፤ ሞጁል መጫን በውስጡ ያለውን ኮድ ማስኬድ ነውና። በዝርዝሩ ያሉት ሁሉ ፕሮግራሙ ሲነሣ ይጫኑ፤ አንዱ ቢጎድል ፕሮግራሙ ያን ጊዜውኑ ይቁም እንጂ የደመወዝ ቀን አይጠብቅ። በእያንዳንዱ የደመወዝ ወረቀት ላይም ያሰላው ሞጁል ስም ይታተም።