ከእንስሳ የተሠራ የልብ ቫልቭ ለምን ያረጃል? ታካሚው ቀድሞ ሊነገረው ይገባል!



በውስጥ መስመር ደጋግሞ የሚደርሰኝ ጥያቄ አለ፦ «ዶክተር፣ ቫልቭ ከተቀየረልኝ ዘጠኝ ዓመት ሆኖኛል። አሁን ተበላሽቷል ተባልኩ። ኦፕራሲዮኑ በደንብ ስላልተሠራ ነው?»

አብዛኛውን ጊዜ አይደለም። ከእንስሳ የተሠራ ቫልቭ ያረጃል፤ ወጣት ልብ ውስጥ ሲሆን ደግሞ ቶሎ ያረጃል። እኔን የሚያሳስበኝ ብዙ ሰው ይህንን የሚሰማው ቫልቩ ካረጀ በኋላ መሆኑ ነው።

ቫልቩ የሚሠራው ከአሳማ የልብ ቫልቭ ወይም ከከብት የልብ ሽፋን ነው። (በእምነታችሁ ምክንያት የአሳማውን የማትፈልጉ ካላችሁ ከቀዶ ጥገናው በፊት ጠይቁ፣ አትፈሩ።) እ.ኤ.አ. በ1965 ፓሪስ ውስጥ የአሳማ ቫልቭ ሰው ላይ ሲገጠም ብዙም አልቆየም፤ ሰውነት ይቃወመው ነበር። በኋላ ፈረንሳዊው የልብ ቀዶ ሐኪም አሌን ካርፖንቲዬ ቫልቩን ግሉታራልዴሃይድ በሚባል ኬሚካል ማከም ጀመረ። ቆዳ ፋብሪካ ቆዳ እንደሚያለፋው በሉት፤ አይበሰብስም፣ ይጠነክራል፣ ሰውነትም እንደ ድሮው አይቃወመውም።

ግን የለፋ ቆዳ ሕይወት የለውም። የራሳችን ቫልቭ ውስጥ የተጎዳውን የሚጠግኑ ሴሎች አሉ፤ እዚህ ሞተዋል። ልብ በቀን ወደ 100,000 ጊዜ ይመታል፣ ቫልቩም ያን ያህል ይከፈታል፣ ይዘጋል። በዛ ላይ የኬሚካሉ ቅሪትና የሞቱት ሴሎች ካልሲየም ይስባሉ። ቫልቩ ቀስ በቀስ እንደ ኖራ ይደርቃል፤ ወይ በደንብ አይከፈትም፣ ወይ ይቀደድና ደም ወደ ኋላ ይመልሳል። «ታዲያ ወተት ላቁም?» የምትሉ ትኖራላችሁ። አይ፣ ወተት በማቆም አይቀርም።

ከ65 ዓመት በላይ በሆነ ሰው 15 ዓመትና ከዚያ በላይ ሊያገለግል ይችላል። በ20ዎቹ ዕድሜ ላለ ግን 10 ዓመት ሳይሞላ ሊበላሽ ይችላል። እኛ አገር ደግሞ ቫልቭ ከሚቀየርላቸው ብዙዎቹ ሩማቲክ የልብ ህመም የጎዳቸው ወጣቶች ናቸው።

ታዲያ ለምን በተለምዶ «የብረት» የምንለው አይገጠምም? እሱ ብዙ ይቆያል፤ ግን ዕድሜ ልክ ዋርፋሪን መዋጥና አይ ኤን አር መለካት ይፈልጋል። ከከተማ ለራቀ ሰው ይህ ቀላል አይደለም። ዋርፋሪን ፅንስንም ሊጎዳ ይችላል። ስለዚህ መውለድ ለምትፈልግ ወጣት የእንስሳው መመረጡ ተገቢ ሊሆን ይችላል። ሆኖም «ከዓመታት በኋላ ሁለተኛ ቀዶ ጥገና ያስፈልግሻል» የሚለው ከመፈረሟ በፊት በግልጽ በአማርኛ፣ በኦሮምኛ፣ በሚገባት ቋንቋ መነገር አለበት። የመጀመሪያውን ወረፋና ወጪ እንዴት እንዳለፈችው እናውቃለን። «ተቀየረልሽ፣ ዳንሽ» ብሎ መሸኘት ለእኔ ግማሽ ሕክምና ነው።

የእንስሳ ቫልቭ ያላችሁ፣ ምንም ባይሰማችሁም የኢኮ ክትትል አታቋርጡ። ደረጃ ስትወጡ ድሮ ያልነበረ ድካም፣ የትንፋሽ ማጠር ወይም የእግር ማበጥ ከመጣ ቀጠሮ አትጠብቁ። ትኩሳት ሲኖር ከፋርማሲ አንቲባዮቲክ ገዝታችሁ አትዋጡ፤ ቫልቩ ላይ ኢንፌክሽን ሊሆን ስለሚችል መጀመሪያ የደም ካልቸር ይሠራ። በየወሩ የምትወጉትን ፔኒሲሊንም «ቫልቤ ተቀይሯል» ብላችሁ በራሳችሁ አታቁሙ፤ የቀሩት ቫልቮች የራሳችሁ ናቸው።